«ሞተሬ አልነሳ አለኝ» ሰበብ ነው ወይስ እውነት?

የማርፈጃ ሰበብ ሞልቷል። ታክሲ ጠፋ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ዘመድ ታመመ... ከሁሉም የማይታመነው ግን «ሞተሬ አልነሳ አለኝ» የሚለው ነው። ለምን ብትሉ፣ የአሮጌ ሞተር ሳይክል ብልሽት ምስክር አይወድም። ብቻችሁን ስትሆኑ ድርቅ ይላል። መካኒክ ፊት ስታቆሙት ወይም ፍቅረኛችሁ «እስቲ አስነሳው» ስትል ግን አንዴ ሲነኩት እንደ አዲስ ይነሳል። በቃ፣ ውሸታም ሆናችሁ ቀራችሁ!

እኔ መካኒክ አይደለሁም። አሮጌ 125 ሲሲ ላይ ስድስት ዓመት ስለተቀመጥኩ ግን ይህን አመል አውቀዋለሁ። ሰሞኑን በሰፈራችን ልጅ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ፤ ስሙ ይቆየን።

ዕቁብ ሲደርሰው የገዛት አሮጌ የጃፓን ሞተር አለችው። ዕቃ እያደረሰባት ነው የሚኖረው። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ያለ ምንም ችግር ትነሳለች። ሦስት አራት ቦታ አድርሶ ሲመለስ ማስነሻውን ሲጫን «ጠቅ» ትልና ዝም! መብራቱ ይበራል፣ ጥሩምባው ይጮኻል፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሲሞክር ትነሳለች። በእግር ተረግጣ የምትነሳ ዓይነት ስላልሆነች፣ ሲብስበት ቁልቁለት ፈልጎ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባና እየገፋ ያስነሳታል።

«ባትሪ ነው» አሉት፤ አዲስ ገዛ። ሁለት ቀን በደንብ ሠራችና ተመልሳ ያው። «ካንዴላ ነው» ተባለ፤ ቀየረ። ከዚያ ደግሞ ሪሌ። ሶማሌ ተራ ያሉት ነጋዴዎች በስሙ ይጠሩት ጀመር። የሁለት ሳምንት ገቢው በዚሁ አለቀ፣ ደንበኞቹም ሌላ ልጅ መጥራት ጀመሩ። የባሰው የመጣው ግን እጮኛው ከወላጆቿ ጋር ልታስተዋውቀው በቀጠረችው እሁድ ነው። ሲደርስ አባትየው ምሳቸውን በልተው ተኝተዋል።

«ዛሬም ሞተሯ ናት?»

«እውነቴን ነው።»

«ታዲያ እኔ ባለሁበት ለምንድነው የምትነሳው?»

ምን ይበል?

በበኩሌ አልፈርድባትም። ጋራዦቹም ቢሆኑ ያዩት ደህና ሞተር ነው። ሞተሯ ጤነኛ በሆነችበት ሰዓት ወስዶ «ታማለች» ሲላቸው፣ ገምተው ዕቃ ከመቀየር ሌላ ምን ያደርጋሉ? መጥቶ የሚሄድ ብልሽት የሚያዘው ሲመጣ ነው፤ እንደ ሌባ እጅ ከፍንጅ።

አንድ ነገር ግን ማንም ልብ አላለውም። ስትገፋ ትነሳለች! ተገፍታ ቶሎ የምትነሳ ሞተር እሳትም ቤንዚንም አላት ማለት ነው። ስለዚህ ካንዴላው ያለ ጥፋቱ ነው የተቀየረው። ጥፋቱ መፈለግ ያለበት ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ባለው መንገድ ላይ ነበር። መብራቱ ስለበራም መታለል አያስፈልግም። 35 ዋት የፊት መብራት የሚወስደው 3 አምፔር ገደማ ነው። ሞተሪኖ ግን በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ይፈልጋል። በላላና በዛገ ጫፍ በኩል ትንሿ ሹልክ ብላ ታልፋለች፤ ብዙው ሲመጣ ይታነቃል።

ልጁ ቴስተር ተውሶ በጃኬት ኪሱ ይዞ ዋለ። ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ እምቢ ስትለው እዚያው መንገድ ዳር ኮርቻውን አንስቶ ባትሪውን ለካ። 12.6 ቮልት። ጤነኛና የሞላ ባትሪ ከ12.6 እስከ 12.8 ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው በሉት። ቀጥሎ ማስነሻውን እንደተጫነ ለካ። እዚህ ላይ አደራ ልብ በሉ! ቮልቱ ወደ 8 ቢወርድ ባትሪው ደክሟል ማለት ነበር። የእሱ ግን 12.5 ላይ ቆመ። ባትሪው ሊሰጥ ተዘጋጅቷል፣ የሚቀበለው ግን የለም።

ከዚያ አንዱን የቴስተር እግር የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ እንደገና ተጫነ። ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት፤ ግማሽ ቮልት እንኳን ካለፈ ያጠራጥራል። 11 አነበበ! ኔጌቲቩ ገመድ ከሞተሩ ጋር የሚታሰርበት ብሎን ላልቶ፣ ሥሩ ዝገት ይዞ ኖሯል። ሞተሯ ስትንቀጠቀጥ አንዴ ይነካካል፣ አንዴ ይለያያል። አዲሱ ባትሪ የገባ ጊዜ ሁለት ቀን የሠራችውም ባትሪው ሲቀየር ገመዱ ስለተነቃነቀ ነው። ገመዱን ከባትሪው ፈታ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈተገ፣ ብሎኑን በአዲስ ቀይሮ አጠበቀ፣ በላዩ ቫዝሊን ቀባ። አለቀ። የዛገውን ብሎን በወረቀት ጠቅልሎ ለእጮኛው ወሰደላት። ስቃ ስቃ፣ ሌላ እሁድ ቀጥራዋለች።

«የእኔስ ሞተሪኖው ይሽከረከራል፤ እሳት ነው የማይይዘው» የምትሉ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው ያላችሁ። መጀመሪያ ቀዩን ማጥፊያ አሥር ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ በሉት። ውስጡ አቧራ ስለሚይዝ ብዙ ሰው በሱ ጦስ ኮይል ገዝቷል። ጥቂት ሄዶ የሚጠፋና ካረፈ በኋላ የሚነሳ ከሆነ፣ በጠፋበት ቅጽበት የቤንዚን ታንኩን ክዳን ክፈቱት። «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበና ከዚያ ከተነሳ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል።

ሲሞቅ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ካንዴላውን ነቅላችሁ፣ ኮፍያው ላይ ሰክታችሁ፣ ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክታችሁ አስነሱ። በባዶ እጅ እንዳትይዙት፣ ቤንዚንም አጠገቡ እንዳይኖር! ሲቀዘቅዝ እሳት ኖሮት ሲሞቅ ከጠፋ፣ ያኔ ኮይሉን ወይም ፒክአፑን መጠርጠር ያምርባችኋል። እሳት እያለው እምቢ ካለ ቫልቩን አስለኩ። ከልክ በላይ የጠበበ ቫልቭ ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም።

ቾክ የምትወዱም አላችሁ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ቀድሞውኑ ይበዛል። የሞቀ ሞተር ላይ ቾክ ስትጎትቱ ካንዴላው ይሰጥማል። ነቅላችሁ ጥቁርና እርጥብ ካገኛችሁት አድርቁና መልሱት። ቾኩን ዝጉ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ አሽከርክሩ፤ እንደያዘ ጋዙን ቶሎ ልቀቁ።

ጋራዥ መሄድ ግድ ከሆነ «አይነሳም» ብቻ አትበሉ። ሲሞቅ ነው ሲቀዘቅዝ? ይሽከረከራል ወይስ ጠቅ ይላል? ሲገፋስ? ከተቻለም እስኪያምፅ ድረስ እዚያው ይዋል። ዕቃ ከተቀየረም አሮጌውን ተቀብላችሁ ውጡ፤ ምናልባት ደህናው እሱ ነው።