ስለ አዲስ ፈጣን መኪና ሮዳጅ

ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ፈጣን መኪና የገዛ ሰው፣ በዚያው ዕለት ኃይሏን ሁሉ ሊያይ ይመኛል። ሠሪዎቹ ግን ይከለክሉታል። በጀርመን አገር የሚሠራውን ቢ ኤም ደብልዩ ኤም 3፣ ይኸውም «ጂ 80» የሚባለውን ለምሳሌ ልጥቀስ። ሞተሩ በደቂቃ እስከ 7200 ዙር መዞር ሲችል፣ ለመጀመሪያው 2000 ኪሎ ሜትር ከ5500 ዙርና በሰዓት ከ170 ኪሎ ሜትር እንዳያልፍ ታዟል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የሲሊንደሩ ግድግዳ ለዓይን ለስላሳ ቢመስልም፣ ዘይት እንዲይዝ ሆን ተብሎ በረቂቅ ጭረት ተፍቋል። የፒስተኑ ፋሻ ከዚሁ ግድግዳ ጋራ እየተፋተገ እስኪገጥም ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። መካኒኮቻችን ይህን ጊዜ ከጣሊያንኛ ወስደው «ሮዳጅ» ይሉታል። በመፋተጉ የሚረግፈው ደቃቅ ብረት ከዘይቱ ስለሚቀላቀል፣ 2000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ የሞተሩም የዲፈረንሻሉም ዘይት ይለወጣል። እኔ መኪና ባይኖረኝም፣ ይህን ያህል ከፍሎ የዘይቱን ዋጋ የሚሸሽ ሰው ያስገርመኛል።

ዳሩ ግን ሮዳጅ ማለት በአንድ ፍጥነት ማዝገም አይደለም፤ ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። ደግሞም አዲስ ጎማ እስከ 300፣ ፍሬንም እስከ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሙሉ አቅሙን አያገኝም። ለሞተሩ ደንታ የሌለው ሰው እንኳ ለእነዚህ ይጠንቀቅ፤ በጥምዝ መንገድ ላይ መኪናዪቱን የሚይዟት እነርሱ ናቸውና።