የጌኮ እንቁላል የዶሮ እንቁላል አይደለም

ሰሞኑን የጓደኛዬ ልጅ ደውላ «እትዬ፣ ጌኮዬ ሁለት እንቁላል ጣለች፤ በቀን ሁለቴ አገላብጫቸው ተብያለሁ፣ ልክ ነው?» አለችኝ። «እንዳትነኪያቸው!» ብዬ ጮህኩባት። ጩኸቴ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እኔም ቤት ሆኗል። እዚህ ሜሪላንድ፣ ልጄ የምታሳድጋት ሊዮፓርድ ጌኮ የተባለች እንሽላሊት ከተገዛች በሦስተኛ ወሯ፣ አንድ የሚያዝያ ጠዋት፣ በምትደበቅባት እርጥብ ሳጥን ውስጥ ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች ተገኙ። ጌኮዋን የገዛንበት ሱቅ ስደውል ሻጩ ጠዋትና ማታ እንዳገላብጣቸው ነገረኝ። አላንገራገርኩም። እናቴ ቤት ሳድግ የታቀፈች ዶሮ እንቁላሎቿን በመንቁሯ እየገፋች ስታገላብጥ አይቻለሁና ምክሩ የማውቀው ነገር መሰለኝ። ለአሥራ ሁለት ቀን በጥንቃቄ አገላበጥኳቸው። በመጀመሪያው ሳምንት በባትሪ ብርሃን ያየናቸው ቀያይ የደም ሥሮች ከዚያ በኋላ ጠፉ፤ እንቁላሎቹም ቢጫ ሆነው ጎደጎዱ። የገደላቸው መገላበጡ ብቻ ነው ብዬ መማል አልችልም። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት ሁሉ ግን ወደዚያው ይጠቁማል።

እንቁላል መገላበጥ አለበት የሚለው እምነት ለዶሮ እውነት ነው። የዶሮ እንቁላል ስትሰብሩ ከአስኳሉ ጎን የምታዩት ነጭ ጥምዝ ክር አስኳሉን ከሁለት በኩል የሚይዝ ማሰሪያ ነው። እንቁላሉ በየትኛውም በኩል ቢዞር አስኳሉ ተመልሶ ይስተካከላል፤ ጽንሱም ከላይ ይሆናል። እናቲቱ የምታገላብጠው ደግሞ ጽንሱ ያለጊዜው ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር እንዳይጣበቅ ነው።

የጌኮ እንቁላል እንዲህ ያለ ማሰሪያ የለውም። እንቁላሉ ከተጣለ በኋላ፣ በመጀመሪያው ቀን ገደማ፣ ጽንሱ ወደ ላይኛው ጎን ወጥቶ ከቅርፊቱ የውስጥ ሽፋን ጋር ይያያዛል። በዶሮ እንቁላል ውስጥ ችግር የሆነው መጣበቅ ለጌኮ የሕይወት መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የገለበጠው ሰው ከባዱን አስኳል በጽንሱ ላይ ይጭንበታል፣ ወይም ገና የተዘረጉትን ስስ የደም ሥሮች ይበጥሳል። የተገላበጠ ሁሉ ይሞታል ማለት አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የተነካ እንቁላል ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ነገር ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ለሳምንታት? እንስሳ እየሸጠ የሚተዳደር ሰው ይህን ሳያጣራ ለደንበኛ ሲመክር ያበሳጨኛል። በቪዲዮ እንቁላሎቹን በጣቱ እያንከባለለ የሚያስተምረው ደግሞ የበለጠ ያናድደኛል፤ ልጆችም ያዩታሉና።

እንቁላሎቹ በጌኮዋ ሣጥን ውስጥ ከቀሩ ይደርቃሉ ወይም ይረገጣሉ፤ ስለዚህ ማንሳት ያስፈልጋል። ከማንሳታችሁ በፊት በለስላሳ እርሳስ አናታቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አድርጉ። ክዳኑ ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቨርሚኩላይት የተባለውን እርጥበት የሚይዝ የማዕድን ፍርፋሪ አርጥባችሁ ጨምሩ፤ በእጅ ሲጨመቅ ውሃ የማይንጠባጠብ ይሁን። እንቁላሎቹን ነጥቡ ወደ ላይ እንደሆነ ግማሽ አካላቸው እስኪቀበር አስቀምጧቸው። የሊዮፓርድ ጌኮ እንቁላሎች ቅርፊታቸው እንደ ቆዳ ለስላሳ ስለሆነ እርጥበት ስበው ያብጣሉ፤ ይህ ጤንነት ነው።

የዶሮ ማስፈልፈያ ማሽን ከነአቀማመጡ መጠቀምም የዚሁ እምነት ልጅ ነው። ማሽኑ እንቁላሉን ከማዞሩ በላይ፣ ጫጩትን በ21 ቀን የሚያስፈለፍለው 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሊዮፓርድ ጌኮን ጽንስ ይገድላል። ለእርሷ ከ26 እስከ 32 ዲግሪ ይበቃል። የሚገርመው፣ ጾታውንም የሚወስነው ሙቀቱ ነው፦ ወደ 27 ዲግሪ ሲጠጋ አብዛኞቹ ሴት፣ ወደ 32 ሲጠጋ አብዛኞቹ ወንድ ይሆናሉ። እንቁላሎቹ እስኪፈለፈሉ እንደ ሙቀቱ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ተኩል ይቆያሉ።

«ወንድ ከሌለ እንቁላሉ ባዶ ነው» የሚሉም አሉ። ብዙ ጊዜ ልክ ናቸው፤ ብቻዋን ያደገች ሴት ፍሬ አልባ እንቁላል ትጥላለች። ሆኖም ሴቷ የወንድ ዘር በሰውነቷ ለወራት ማቆየት ትችላለች፤ የእኛዋም ከመገዛቷ በፊት ተገናኝታ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ከመጣላችሁ በፊት ከሳምንት በኋላ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ እንቁላሉን ሳታነሱ፣ በትንሽ ባትሪ እዩት። ሮዝ ብርሃንና ቀይ የደም ሥር ካለ ሕይወት አለ።

ሌሎች የሚሰሙ ጥያቄዎችም አሉ። እናት ካልታቀፈችው አይፈለፈልም? ጌኮ እንቁላሏን አትታቀፍም። ሻጋታ ያወጣ ሞቷል? ሁልጊዜ አይደለም፤ በጥጥ ቀስ ብላችሁ ጥረጉትና ጠብቁ። ጌኮ መርዛማ ነው? መርዝ ያለው ጌኮ የለም፤ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ግን ሊኖርባት ስለሚችል ከነካችኋት በኋላ እጃችሁን ታጠቡ።

እናቲቱን አትርሱ። እንቁላሉን የሠራችው ከራሷ አጥንት በወሰደችው ካልሲየም ጭምር ነውና የምትበላውን ነፍሳት በካልሲየም ዱቄት ነስንሱላት፤ ሆዷ ተነፍቶ እያማጠች መጣል ካቃታት ሐኪም ጋ ውሰዷት። ጫጩቶቹን የማሳደግ አቅም የሌላችሁ ደግሞ እንቁላሎቹን በመጀመሪያው ቀን ፍሪዘር ውስጥ ብታስገቡ ማንም አይወቅሳችሁም። ልታሳድጓቸው ከወሰናችሁ ግን እባካችሁ፣ እጃችሁን ከመዘርጋታችሁ በፊት እርሳሱን ፈልጉ።