ከኮን ኩርባ እስከ ቤተ ጊዮርጊስ መስኮት

ከወረታ ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው መንገድ ኮንን አልፎ ጋሸና የደረሰ መንገደኛ ወደ ላሊበላ ለመሄድ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። መንገዱም ከዚያ በኋላ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አንዳንዱ ኩርባ ተሳፋሪውን ቀስ አድርጎ ያዘነብለዋል፤ ሌላው ግን ድንገት ወደ ጎን ይገፈትረዋል። ሁለቱም ለዓይን ለስላሳ ናቸው፤ ሁለቱም ማዕዘን የላቸውም። ለመሆኑ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ቀጥ ያለ መስመር የጉብጠቱ መጠን ዜሮ ነው። ሬዲየሱ 50 ሜትር የሆነ የክብ ቅስት ደግሞ ጉብጠቱ አንድ ሃምሳኛ ነው። ሁለቱን ብናጋጥማቸው በመጋጠሚያው ላይ አቅጣጫቸው አንድ ስለሆነ ስብራት አይታይም፤ ጉብጠቱ ግን ከዜሮ ወደ አንድ ሃምሳኛ በአንድ ጊዜ ይዘላል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሜትር የሚጓዝ መኪና በዚያች ነጥብ ላይ ወደ ኩርባው መሃል የሚያመለክት 2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አክሰለሬሽን በድንገት ያገኛል። የሚገፈትረን ይኸው ዝላይ ነው። የመንገድ መሐንዲሶች በቀጥታው መንገድና በቅስቱ መካከል ጉብጠቱ ቀስ በቀስ የሚያድግ መሸጋገሪያ የሚያስገቡትም ስለዚህ ነው።

በኮምፒውተር በሚሠራ ንድፍም ነገሩ ያው ነው። ማዕዘንን በቅስት የሚተካው የተለመደው ትዕዛዝ ለማሽን ክፍል ይበቃል። በሚያብረቀርቅ የመኪና አካል ላይ ግን የብርሃኑ ነጸብራቅ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ይሰበራል። መፍትሔው ከመኪና ፋብሪካ መምጣቱ አያስገርምም። ፖል ደ ካስተልዦ እ.ኤ.አ. በ1959 በሲትሮየን፣ ፒየር ቤዚዬም ጥቂት ቆይቶ በሬኖ፣ ዛሬ በቤዚዬ ስም የሚጠሩትን ኩርባዎች ፈለሰፉ። የመጀመሪያው ሥራውን ኩባንያው በምስጢር ስለያዘበት ስሙ ለሁለተኛው ቀረ።

ዘዴው እርሳስና ወረቀት ብቻ ይበቃዋል። ሦስት ነጥቦችን አስቀምጡ፤ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን፣ ከዚያም የሁለተኛውንና የሦስተኛውን አጋማሽ ፈልጉ። የእነዚህ የሁለቱ አጋማሽ ከኩርባው ላይ ያርፋል። ይህንኑ በየጎኑ ብትደጋግሙት ኩርባው በዓይናችሁ ፊት ይወለዳል። መካከለኛው ነጥብ ኩርባውን ወደ ራሱ ይስበዋል እንጂ ኩርባው በእርሱ ላይ አያልፍም።

ይህን ዘዴ ይዘን ከተማሪዎቻችን ጋር የቤተ ጊዮርጊስን መስኮት ከፎቶግራፍ ለመንደፍ ሞክረን ነበር። በላይኛው ረድፍ ያሉት የ12ቱ መስኮቶች አናት ተራ ግማሽ ክብ አይደለም፤ ከጎን ወደ ላይ ሲወጣ በአንድ በኩል ይጎብጥና መንገዱ ላይ ተገልብጦ በተቃራኒው እየጎበጠ ወደ ሹል ጫፍ ይደርሳል። ሁለት ቅስቶችን ስናጋጥም መገልበጫው ላይ ጉብጠቱ ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ ዘለለና የተቀጠለ መሰለ። የሦስት ነጥብ ኩርባ ደግሞ ፓራቦላ በመሆኑ ፈጽሞ አይገለበጥም። በአራት ነጥቦች ስንሠራው ግን ጉብጠቱ በዜሮ በኩል አልፎ በለስላሳነት ተገለበጠ።

በውጤቱ ተደስተን ሳለ አንዲት ተማሪ «ፕላስቲክ መሰለ» አለች። እውነቷን ነበር። ግራውን ቀድተን ቀኙን ሠርተናል፤ በመሮ የተጠረበ ድንጋይ ግን ግራና ቀኙ ፍጹም አንድ አይሆንም። ጠራቢው ከአንድ ወጥ አለት እየቀነሰ እንጂ እየጨመረ አልሠራምና የሳተውን መመለሻ አልነበረውም። እኛ ግን «መልስ» የሚል ቁልፍ አለን።

ጉዳዩ ከውበት ያልፋል። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲው የዛማኒ ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር መዝግቧል። ስካነር ኩርባ አያውቅም፤ የሚሰጠን እጅግ ብዙ ነጥቦችን ነው። ከነጥቦቹ ገጽታ የሚፈጥረው ፕሮግራም «አለስልስ» ሲባል ትንንሾቹን ወጣ ገባዎች እንደ ስሕተት ቆጥሮ ይደመስሳል። ከእነዚህ መካከል የመሮው አሻራ አለ፤ አዲስ የተጀመረ ስንጥቅም ሊኖር ይችላል። ሞዴሉ ሲያምር ሕመሙ ይጠፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ለቅርስ የሚሠራ ሰው ጥሬ ነጥቦቹን እንዳሉ ይዞ ለስላሳውን ኩርባ ለብቻው ቢያስቀምጥ፣ በሁለቱ መካከል ያለውንም ርቀት ነጥብ በነጥብ ቢለካ ይሻላል እንላለን። ከዓመታት በኋላ ያው መስኮት እንደገና ሲለካ፣ በየትኛው ነጥብ ላይ ርቀቱ እንደተለወጠ፣ ድንጋዩም በየት በኩል እንደተሸረፈ ከዚህ መዝገብ ይነበባል።