የአሮጌ ቤት ሳሎን ዕድሳትና የእንጨት ሥራ ስያሜዎች

የሙያ ቃላት ጥናት ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው ከውጭ አገር በሚገቡ አዳዲስ የሳይንስ ጽንሰ ሐሳቦች ላይ ነው። ይሁን እንጂ በየቤቱ የሚገኙ፣ በእጅ የሚዳሰሱ ነገሮች ስያሜም የዚያኑ ያህል ጥንቃቄ ያሻዋል። በዚህ ጽሑፍ አንድ ውሱን መስክ መርጠናል፤ ይኸውም የአሮጌ ቤትን ሳሎን ማደስና ለእርሱ በልክ የሚሠራው የእንጨት ሥራ ነው። የሥራው ዝርዝር በውጭ ቋንቋ ተጽፎ ወደ አማርኛ ሲመለስ አንዲት ቃል ብትሳት ጉዳቱ በቃሉ ላይ ብቻ አይቀርም፤ መተኪያ የሌለው እንጨትም አብሮ ይጠፋል።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በነበሩት ዐሥርት ዓመታት ከአገሬው ባለሙያዎች ጋር ሕንዶችና አርመኖች በግንባታ ሥራ ተሰማርተዋል። ግድግዳቸው ከእንጨት፣ ከማገርና ከጭቃ የተሠራ፣ በረንዳቸው በተቀረጸ እንጨት ያጌጠ ቤቶች የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ብዙ የኢጣልያንኛ ቃላት ወደ ግንበኛውና ወደ አናጢው አንደበት ገብተዋል። በመሆኑም በአንድ ሳሎን ውስጥ ግእዝ ወለድ፣ ነባር አማርኛና ውሰት የሆኑ ቃላት ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ከክፍሉ ስም እንጀምር። «አዳራሽ» ግብር የሚበላበትና ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ሰፊ ቤት ነው፤ «እልፍኝ» የባለቤቱ የግል ክፍል ነው። ቤተሰቡ ውሎ የሚያመሽበትንና እንግዳ የሚቀበልበትን ክፍል ሕዝቡ «ሳሎን» ብሎታል። አንዳንድ ተርጓሚዎች «መኖሪያ ክፍል» ሲሉ ይታያል፤ ነገር ግን «መኖሪያ» በአማርኛ የሚቀጸለው በመላው ቤት ላይ ስለሆነ፣ አንባቢው ክፍሉን ለይቶ አያውቅበትም። ስለዚህ ሳሎን በሳሎንነቱ እንዲጸና እንመርጣለን።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥራው ስም ነው። «ዕድሳት» ከግእዙ «ሐደሰ» የመጣ ሲሆን፣ መሠረታዊ ትርጉሙ አዲስ ማድረግ ነው። «ጥገና» ግን «ጠገነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፣ ባለሙያም የነቃ ዕቃ ይጠግናል። የሚጠገን ነገር አካሉ አይለወጥም። የአሮጌውን እንጨት ማዳን የሚያዝ ዝርዝር «ዕድሳት» ተብሎ ብቻ ከተተረጎመ፣ ሥራ ተቋራጩ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ቢተካ ቃሉን ተላለፈ ሊባል አይችልም። ስለሆነም «ዕድሳት» ለጠቅላላው ሥራ፣ «ጥገና» ነባሩን አካል ጠብቆ ለማዳን፣ «ቅያሪ» አንዱን ክፍል አውጥቶ ሌላ ለማስገባት ተለይተው ቢሠራባቸው ይበጃል።

የመግቢያው ስሞችም እንዲሁ ናቸው። በጥንቃቄ ሲነገር «በር» መግቢያው ክፍት ቦታ፣ «መዝጊያ» የሚከፈተውና የሚዘጋው ሳንቃ፣ «መቃን» በግራና በቀኝ የሚቆመው እንጨት፣ «ጉበን» ከላይ የሚጋደመው፣ «ደፍ» ደግሞ ከእግር በታች ያለው ነው። የኦሪት ዘጸአትን ምዕራፍ 12 ያነበበ ሰው መቃንንና ጉበንን አይስታቸውም። ዛሬ ግን ሁሉም «በር» በሚለው ቃል ተጠቅልሏል። «በሩ ይቀየር» የሚል ትእዛዝ የደረሰው አናጢ መዝጊያውን ብቻ ነው ወይስ መቃኑንም? በጭቃ ግድግዳ ውስጥ መቃኑ ከግድግዳው እንጨት ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ እርሱን መንቀል ዙሪያውን ያለውን ጭቃ ማፍረስ ነው። እነዚህ አምስት ቃላት አልሞቱም፤ የሚያስፈልጋቸው ወደ ሥራ መመለስ ብቻ ነው።

ውሰት ቃላት ሌላ ወጥመድ አላቸው። «ኮርኒስ» በአውሮፓ ቋንቋዎች ግድግዳና ጣራ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ወጣ ብሎ የሚሠራ ጌጥ ነው፤ በአማርኛ ግን ከጣራው በታች ክፍሉን የሚሸፍነውን ገጽ በሙሉ ያመለክታል። ቀድሞ ከአቡጀዴ፣ በኋላም ከጣውላ ወይም ከቺፑድ የተሠራውን ሁሉ «ኮርኒስ» እንለዋለን። የጠርዙን ጌጥ ብቻ እንዲጠገን የሚያዝ ሰነድ ቃሉ እንደ ድምፁ ቢገለበጥ፣ ሠራተኛው መላውን ኮርኒስ ሊያወርደው ይችላል። የቃሉን የአማርኛ ትርጉም መሻር ስለማይቻል፣ ጌጡን «የኮርኒስ ክፈፍ» ማለት ይሻላል። «ጣውላ»ም የመጣበት የኢጣልያንኛ ቃል ሳንቃንም ገበታንም ያመለክታል፤ በእኛ ዘንድ ግን ሳንቃ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ከሁሉ ይልቅ ተርጓሚን የሚያሳስተው የዛፎች ስም ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የአማርኛ ትርጉም የሊባኖሱ ዛፍ፣ በእንግሊዝኛ «ሴዳር» የሚባለው፣ «ዝግባ» ተብሏል። የአገራችን አናጢ ዝግባ የሚለው ግን ፖዶካርፐስ የተባለውን ፈጽሞ የተለየ ዛፍ ነው። በአንጻሩ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች የምሥራቅ አፍሪካ «ሴዳር» የሚሉት የእኛን «ጥድ»፣ ማለትም ጁኒፔሩስ ፕሮሴራን ነው። «የፈረንጅ ጥድ» ደግሞ ኩፕሬሱስ ሉዚታኒካ የተባለ ሌላ ዛፍ ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ የጥድ እንጨት ውስጠኛ ክፍል ምስጥን ይቋቋማል፣ ዝግባ ግን ለተባይ ይጋለጣል። ከመሬት አጠገብ እንዲገባ የታዘዘው «ሴዳር» ዝግባ ተብሎ ቢተረጎም፣ ቤቱ ለምስጥ ተሰጠ ማለት ነው። ስለዚህ ተርጓሚው በእንጨት ስም ሁሉ ላይ የሳይንሳዊውን መጠሪያ ድምፅ እንዲጨምርበት እንመክራለን።

በመጨረሻ «በልክ የተሠራ» የሚለውን ሐረግ እንመልከት። «በትእዛዝ የተሠራ» የሚለው ደንበኛው ያዘዘው መሆኑን ይገልጻል እንጂ ከቦታው ጋር መስማማቱን አይገልጽም። የአሮጌ ቤት ግድግዳ ቱምቢ ቢወርድበት ቀጥ ብሎ አይገኝም፤ ወለሉም በውሃ ልክ ሲለካ ያዘነብላል። መደርደሪያው በአውደ ሥራው ቀጥ ብሎ ቢሠራ ከግድግዳው ጋር ክፍተት ይፈጥራል። ብልህ አናጢ የግድግዳውን ጎርባጣ መስመር በእንጨቱ ጠርዝ ላይ አስምሮ፣ በመስመሩ ልክ ይጠርበዋል። ለዚህ ተግባር «ጠርዝ መቅዳት» የሚለውን እናቀርባለን፤ «ቀዳ» አንድን ነገር አስመስሎ ማውጣትን ስለሚያመለክት ሐሳቡን በቀላሉ ይሸከማል። ከግድግዳ ጋር ተያይዞ ለሚቀረው ሥራ ደግሞ «ግድግዳ ገጠም» ብንል፣ ከሚንቀሳቀሰው ቁም ሣጥንና ቡፌ ይለያል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ሥርዓት ሦስት ደረጃ አለው። ነባሩ ቃል ትክክለኛ ከሆነ እርሱን መመለስ፤ ውሰቱ በሕዝብ አፍ ከጸና በአማርኛ ትርጉሙ መቀበል፤ ባዶ ቦታ ሲገኝ ብቻ አዲስ ቃል መፍጠር። አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊትም ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ከመወሰን ወደ አናጢው አውደ ሥራ ሄዶ ማዳመጥ ይቀድማል። በየክፍለ ሀገሩ ለመቃን፣ ለጉበንና ለሌሎችም የቤት ክፍሎች የሚነገሩ ስሞችን የምታውቁ አንባቢያን ብትልኩልን በደስታ እንቀበላለን። አሮጌው እንጨት ከነስሙ ቢጠበቅ ቤቱም ቋንቋውም ይጠቀማሉ።