ደማችን የሚሠራው የት ነው?

ዛሬ ስለ መቅኔ እንነጋገራለን።

መቅኔን ሁላችንም እናውቀዋለን። በግ ሲታረድ አጥንቱን ሰብረን የምንመጥጠው ነው። የሰውም አጥንት መቅኔ አለው። ደማችን የሚሠራው እዚያ ነው። ልብ ደምን ይገፋል እንጂ አይሠራም።

መቅኔ ሦስት ነገር ይሠራል። ቀዩ የደም ሕዋስ አየርን ከሳንባ ተቀብሎ ለገላ ያደርሳል። ነጩ በሽታን ይዋጋል። ሦስተኛው ፕላትሌት ይባላል፤ ስንቆረጥ ደሙን ያረጋዋል። የቀዩ ዕድሜ 120 ቀን ያህል ነው። ፕላትሌት ግን ከ10 ቀን እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ መቅኔ ሥራ ከፈታ ጉዳቱ ቶሎ ይታያል።

እስቲ ወደ ግሸን እንውጣ። መስከረም 21 ከቆላ የመጣ እንግዳ አምባውን ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ያገሩ ሰው ግን ሸክሙን ይዞ፣ እያወራ ያልፈዋል። ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። በደቡብ አሜሪካ፣ በአንዲስ ተራሮች፣ የሰዎቹ መቅኔ ለዚህ ብሎ ቀይ ሕዋስ ያበዛል። በአንዳንዶቹ እጅግ ይበዛና ደሙ ይወፍራል፤ ራስ ያማል፣ ልብ ያደክማል። የእኛስ? በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የ236 ሰዎች ደም ተመርምሮ ነበር። ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ወጣ። ደማቸው ዝቅ ባለ አገር ከሚኖር ሰው ደም ብዙም አልተለየም! እኔ ሳነበው ደነቀኝ። እና ደጋ ስለኖርን ደማችን በዝቷል ማለት አይደለም።

ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። የጎረቤቴ ልጅ አፍንጫው ደጋግሞ ይደማ ነበር። «ደሙ በዝቶ ነው» ብለው አገሙት። ደሙ አልቆም አለ። ለካስ ነገሩ ተቃራኒው ኖሯል፤ መቅኔው ሥራ ፈትቶ ፕላትሌት አንሶታል። ይህ በሽታ አፕላስቲክ አኒሚያ ይባላል። መቅኔ ያልበሰለ ሕዋስ ያለ ልክ ሲያበዛ ደግሞ የደም ካንሰር ነው። ሁለቱም ብዙ ሰው የሚይዙ አይደሉም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፉም። አብዛኛው የደም ማነስ የሚመጣው ከምግብ ጉድለት፣ ከወሊድ መድማት ወይም ከወባ ነው።

ድድ ቢደማ፣ ያልተመታ ገላ ቢበልዝ፣ ፊት ቢገረጣ፣ ትኩሳት ቢመላለስ፣ አትታገሙ። ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እነሱ ወደ ደሴ ይልኳችኋል። ሐኪሙ መጀመሪያ ከክንድ ደም ይቀዳል። ካስፈለገ ከዳሌ አጥንት በመርፌ ጥቂት መቅኔ ይወሰዳል። ይህን የሚፈራ ብዙ ነው፤ ግን ቦታው አስቀድሞ ይደነዝዛል።

የጎረቤቴ ልጅ ደም ተሰጠው፤ የሰጡት የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ያገመው አጎቱ ይህን ሲሰማ እጅጌውን ሰብስቦ ደም ሊሰጥ ሄደ።