ሰነድ የተቀመጠበት፣ ሕዝብ የሚነጋገርበት ቤት

ቤተ መጻሕፍት ሲባል ምን ይታያችኋል? መጽሐፍ በመደርደሪያ ተደርድሮ፣ ሰውም አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ሲያነብ ይሆናል። ልክ ነው፤ ብዙው እንደዚያ ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ቤተ መጻሕፍት ነው። በዚህኛው ቤት ሰው ይናገራል፤ ይከራከራል፤ ዘፈንም ይዘፈንበታል።

በአሜሪካ አገር አንድ ልማድ አለ። ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሲለቅ ወረቀቱ አይጣልም። የጻፈው ደብዳቤ፣ የፈረመው ትእዛዝ፣ ፎቶግራፉ ሳይቀር ተሰብስቦ በአንድ ቤት ይቀመጣል። ይህን የጀመሩት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ናቸው። የእሳቸው ቤተ መጻሕፍት በ1933 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። (ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ነው።) ቤቱ በአብዛኛው የሚሠራው ደጋፊዎች በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። ካለቀ በኋላ መንግሥት ይረከበዋል። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ ሕግ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሚመጡ ፕሬዚዳንቶች ሰነድ የሕዝብ ንብረት እንጂ የግል ንብረት አይደለም ተባለ።

ከእነዚህ ቤቶች አንዱ የሊንደን ጆንሰን ቤተ መጻሕፍት ነው። የሚገኘው በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ በኦስቲን ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። ግንቦት 14 ቀን 1963 ዓ.ም. ተመረቀ። ባለ 10 ፎቅ ነው። ከ40 ሚሊዮን ገጽ በላይ ሰነድ ይዟል። ሰነዱ የገባባቸው ቀይ ሣጥኖች ፎቅ በፎቅ ተደርድረው ለጎብኚ በመስታወት በኩል ይታያሉ።

ታዲያ ጎተራ ቢሞላ እህሉ ካልተፈጨ ምን ይሆናል? ቤቱም ሣጥን በመቆለል ብቻ አልቀረም። የሰነዱን ጉዳይ ያዩ የነበሩ ሰዎችን እየጠራ በሕዝብ ፊት ያነጋግራል። ከጉባኤዎቹ ሁሉ እኛ ልንነግራችሁ የመረጥነው በታኅሣሥ 1965 ዓ.ም. የተደረገውን ነው። ጉዳዩ ከፊደል ጋር የተያያዘ ነውና።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በአሜሪካ ደቡብ ባሉ ክፍላተ ሀገራት ጥቁር ሰው ድምፅ ለመስጠት መጀመሪያ መመዝገብ ነበረበት። ለመመዝገብ ደግሞ የማንበብና የመጻፍ ፈተና ነበር። መዝጋቢው የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ ይሰጠዋል። «አንብብና ትርጉሙን ንገረኝ» ይለዋል። ትርጉሙ ልክ ነው፣ ልክ አይደለም ብሎ የሚፈርደው ማን ነው? ያው መዝጋቢው ነው። ስለዚህ በቅጡ ማንበብ የማይችል ነጭ ሲያልፍ የተማረ ጥቁር ይወድቅ ነበር።

ግፉ ድርብ ነበር። መጀመሪያ ለጥቁሮች ልጆች ደህና ትምህርት ቤት ከለከሏቸው። ቀጥሎ ደግሞ «አልተማራችሁም» ብለው ድምፃቸውን ከለከሏቸው።

በአላባማ ክፍለ ሀገር ሰልማ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ የምዝገባው ቢሮ የሚከፈተው በወር ሁለት ቀን ብቻ ነበር። በጥር 1957 ዓ.ም. ከ100 የሚበልጡ ጥቁር መምህራን ተሰልፈው ወደ ቢሮው ሄዱ። ሌላውን ሰው ፊደል የሚያስቆጥሩ ሰዎች እኮ ናቸው! አንዳንዶቹ የጥርስ ብሩሽ ይዘው ነበር። እንታሰራለን ብለው ተዘጋጅተዋል ማለት ነው። ፖሊሶቹ ግን ከደረጃው ላይ እየገፉ መለሷቸው። በየካቲት 28 ቀንም በዚያው ከተማ ሰልፈኞች በድልድይ ላይ በዱላ ተደበደቡ። ከተደበደቡት አንዱ፣ ወጣቱ ጆን ሉዊስ፣ ጭንቅላቱ ተፈነከተ።

በዚያን ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ጆንሰን ነበሩ። እሳቸውም ወጣት ሳሉ አስተማሪ ነበሩ። በ1921 ዓ.ም. በቴክሳስ ኮቱላ በምትባል ትንሽ ከተማ የድሀ ሜክሲኮዎችን ልጆች አስተምረዋል። ለትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛም እንግሊዝኛ ያስተምሩ ነበር። ሰውየው ትልቅ ሰው ነበር። ትልቅ ሰው መማሩ የትም አገር ያለ ነው።

ሐምሌ 30 ቀን 1957 ዓ.ም. ጆንሰን የድምፅ መብት ሕግን ፈረሙ። ፈተናው ግፍ በበዛባቸው ቦታዎች ታገደ። በ1962 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁሉ ለአምስት ዓመት ታገደ። በ1967 ዓ.ም. ጭራሽ ቀረ። ውጤቱን በቁጥር እንየው። በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር ከሕጉ በፊት ለመምረጥ ዕድሜያቸው ከደረሰ 100 ጥቁሮች የተመዘገቡት 7 ያህል ብቻ ነበሩ። በሁለት ዓመት ውስጥ 60 ያህል ሆኑ።

አሁን ወደ ጉባኤው እንመለስ። ቤተ መጻሕፍቱ ስለ ጥቁሮች መብት ያለውን ሰነድ ለተመራማሪዎች ሊከፍት ነው። ለዚህም ሁለት ቀን የሚፈጅ ጉባኤ ጠራ። የመጡት ቀላል ሰዎች አልነበሩም። በጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ነበሩ። ሮይ ዊልኪንስ፣ ባርባራ ጆርዳንና ጁሊያን ቦንድም ነበሩ። አየሩ ግን ከፋ። መንገዱ በረዶ ለብሶ ያንሸራትት ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ስለ ተዘጋ ብዙ እንግዶች በአውቶቡስ ደረሱ።

ጆንሰን ሥልጣን ከለቀቁ አራት ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልባቸው ታሟል። ሐኪሞቻቸው «አይሂዱ» ብለዋቸው ነበር። እሳቸው ግን መጡ። ታኅሣሥ 3 ቀን ተነሥተው ቀስ ብለው ተናገሩ። ከንግግሩ መካከል ኪኒን አውጥተው ዋጡ። የተናገሩት በአጭሩ ይህ ነው። ነጩ በታሪክ ተራራ ላይ ቆሟል፤ ጥቁሩ በሸለቆው ውስጥ ነው። መሬቱ እኩል ሳይሆን «እኩል ነን፣ እንሩጥ» ማለት ፍርድ አይደለም። ቀጠሉና በሥልጣን ላይ ሳሉ ከዚህ የበለጠ አለመሥራታቸው እንደሚያሳፍራቸው ተናገሩ። ትልቅ ሹም በሕዝብ ፊት «አፍራለሁ» ሲል ስንቴ ሰምታችኋል?

ንግግሩ አልቆ ሰው ሲያጨበጭብ ነገር ተነሣ። በጊዜው በነበሩት ፕሬዚዳንት በኒክሰን ላይ የተቃውሞ ጽሑፍ ካላነበብን ያሉ ሰዎች ብድግ አሉ። ጉባኤው ታወከ። ጆንሰን ደክሟቸው ነበር፤ ሆኖም እንደገና ወደ መድረኩ ወጡ። ተቃዋሚዎቹን አልተቆጧቸውም። በአንድነት መክራችሁ፣ የምትፈልጉትን ለይታችሁ፣ ወደ ፕሬዚዳንቱ ሂዱና ተነጋገሩ አሏቸው። ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም. ሞቱ። ትልቅ ንግግራቸው ያ የመጨረሻው ሆነ።

ከ41 ዓመት በኋላ ያው ቤት ሌላ ጉባኤ ጠራ። ከመጋቢት 30 እስከ ሚያዝያ 2 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። የጥቁሮችን እኩልነት የደነገገው ሌላው ሕግ፣ የ1956ቱ፣ 50 ዓመት ሊሞላው ነበር። ካርተር፣ ክሊንተን፣ ትንሹ ቡሽና በወቅቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኦባማ በየተራ ተናገሩ። ማቪስ ስቴፕልስ ዘፈነች። ያ በሰልማ የተፈነከተው ወጣት፣ ጆን ሉዊስ፣ አሁን የምክር ቤት አባል ሆነው ተገኙ። ጁሊያን ቦንድ በሁለቱም ጉባኤ ነበሩ። ኦባማ እዚህ ቦታ ለመቆም የበቃሁት በእነዚያ ሕጎች ምክንያት ነው አሉ። በዓል ብቻ ግን አልነበረም። ባለፈው ዓመት፣ በሰኔ 2005 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከድምፅ መብት ሕጉ አንድ ዋና ክፍል ሽሮ ነበር። ክሊንተን ይህን በግልጽ ነቀፉ።

አንባቢ ሆይ፣ «በሰው ስም የተሠራ ቤት ያንን ሰው ከማሞገስ ሌላ ምን ይሠራል?» ብትሉ አንፈርድባችሁም። እኛም እንጠረጥራለን። ጆንሰን የቬትናምን ጦርነት ያስፋፉ ሰው ናቸው። በዚያ ጦርነት ከ58,000 በላይ አሜሪካውያን አልቀዋል፤ ከቬትናሞች ወገን የሞተውማ እጅግ ይበልጣል። ቤቱ ይህንንም አልሸሸገም። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ስለዚሁ ጦርነት ሦስት ቀን አነጋገረ። ከተናጋሪዎቹ ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆን ኬሪ ነበሩ። ኬሪ በጦርነቱ ተዋግተው፣ ከተመለሱ በኋላ ጦርነቱን በአደባባይ የተቃወሙ ሰው ናቸው።

የጆንሰን የስልክ ንግግርም በቤቱ አለ። በሥልጣን ላይ ሳሉ የተቀዳ፣ ከ600 ሰዓት በላይ ነው። እሳቸው 50 ዓመት እንዲታሸግ ፈልገው ነበር። ቤቱ ግን ቀድሞ፣ ከ1986 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ፣ ለሕዝብ ይከፍተው ጀመር። ሲቆጡ፣ ሲለማመጡ፣ ሲቀልዱም ይሰማል። በዚያ በበረዶው ቀን የተናገሩትም በፊልም ተቀርጿል።