የዊጊን እኅትማማቾችና የአያታቸው ትንቢት

በአሜሪካ፥ በኒው ሃምፕሸር ግዛት፥ ፍሬሞንት የምትባል አነስተኛ የገጠር ከተማ አለች። በ1960ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ነዋሪዎቿ አንድ ሺህ ገደማ ነበሩ። ከዚህች ከተማ የተነሡ ሦስት እኅትማማቾች ያስቀረጹት አንድ ሸክላ ግን የሙዚቃ ዐዋቂዎችን እስከ ዛሬ ሲያከራክር ይኖራል። አንዱ ወገን በዓለም ላይ ከተሰማው ሙዚቃ ሁሉ የከፋ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ እንዲህ ያለ ተንኰል የሌለበት ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ይምላል። የባንዱ ስም «ዘ ሻግስ» ነው።

የነገሩ መነሻ ትንቢት ነው። የልጆቹ አባት አቶ ኦስቲን ዊጊን በኤክሰተር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው እናታቸው መዳፋቸውን አንብበው ሦስት ነገር እንደ ነገሯቸው ይተረካል። ይኸውም ጠጕርዋ ወደ ቀይ የሚያደላ ሴት እንደሚያገቡ፥ እናቲቱ ከሞቱ በኋላ ሁለት ወንዶች ልጆች እንደሚወልዱ፥ ሴቶች ልጆቻቸውም ዝነኛ የሙዚቃ ባንድ እንደሚያቋቁሙ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደረሱ። አቶ ኦስቲንም ሦስተኛው በራሱ ጊዜ እስኪመጣ አልጠበቁም።

ልጆቹን ከትምህርት ቤት አስወጡና በፖስታ በሚላክ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲማሩ አደረጉ። ከፋብሪካ ደመወዛቸው ቀንሰው ጊታርና ከበሮ ገዙላቸው፤ አስተማሪም ቀጠሩላቸው። ዶሮቲ፥ በቤት ስሟ ዶት፥ መሪ ጊታር ተጫዋችና የዘፈኖቹ ደራሲ ሆነች፤ ቤቲ ሁለተኛውን ጊታር ያዘች፤ ሔለን ከበሮ መቺ ሆነች። ታናሻቸው ሬቸል በባስ ጊታር የተጨመረችው በኋላ ነው። ጧት ልምምድ፥ ከቀትር በኋላ ልምምድ፥ ማታም እንደገና ልምምድ፤ በዚያ ላይ የሰውነት ማጠንከሪያ ስፖርት ነበረ። ከጎረቤት ልጅ ጋር መጫወት፥ ከወንድ ልጅ ጋር መውጣት ፈጽሞ አይፈቀድም።

በእኛ አገር ልጁ ዘፋኝ ልሁን ሲል «አዝማሪ ልትሆን ነው ወይ!» ብሎ የሚቈጣ አባት ብዙ ነበረ። ፍሬሞንት ላይ ነገሩ ተገልብጦ እናየዋለን። አባት ዘፈን ካልሆነ ሲል፥ ልጆቹ ዝም ብለው ይታዘዛሉ። ከሁለቱ አባቶች የትኛው ይበልጥ እንደሚከብድ አንባቢ ይፍረድ።

በ1968 ባንዱ በኤክሰተር በተደረገ የተሰጥኦ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቀረበ። ተመልካቹ ሣቀ፤ አፏጨ፤ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮም ወረወረ። ልጆቹ አፍረው ወደ ቤት ሲመለሱ የአባታቸው መልስ አጭር ነበረ፤ ገና አልተለማመዳችሁም፥ ቀጥሉ። ከዚያም አቶ ኦስቲን በፍሬሞንት የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የቅዳሜ ማታ ጭፈራ አቋቋሙ። የከተማው ወጣት ሌላ መሄጃ አልነበረውምና አዳራሹ ይሞላ ነበር። አንዳንዱ ያሾፋል፤ አንዳንዱ ይጨፍራል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ሥራውን ያግዛል። በአረጋውያን መኖሪያ ቤትም እየሄዱ ይጫወቱ ነበር።

በመጋቢት 1969 አባትዮው ልጆቹን ይዘው በማሳቹሴትስ፥ ሪቪር ከተማ ወደሚገኘው ፍሊትውድ ስቱዲዮ ሄዱ። የስቱዲዮው ሰዎች ልጆቹ ገና እንዳልደረሱ ቢነግሯቸውም፥ እርሳቸው ነገሩ ሳይበርድ ይቀረጽልኝ ብለው እምቢ አሉ ይባላል። በአንድ ቀን ዐሥራ ሁለት ዘፈን ተቀረጸ። «ፊሎሶፊ ኦቭ ዘ ወርልድ»፥ ማለት «የዓለም ፍልስፍና» የተባለው ሸክላ ይህ ነው። አንድ ሺህ እንዲታተም ተስማምተው ነበር፤ እንደሚተረከው ግን ዘጠኝ መቶው ከአሳታሚው ሰውዬ ጋር የውኃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ለመሆኑ ሙዚቃው ምን ይመስላል? ጊታሮቹ ቅኝታቸው አይገጥምም። ዶትና ቤቲ በአንድ ድምፅ እኩል ይዘፍናሉ፤ የዶት ጊታርም የዜማውን እያንዳንዱን ቃል ተከትሎ እንደ ጥላ ይሄዳል። ዜማው የቃሉን ርዝመት እንጂ ምቱን አይጠብቅም፤ ቃሉ ሲረዝም ዜማውም አብሮ ይረዝማል። የሔለን ከበሮ ደግሞ ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል የራሱን መንገድ ይዟል፤ ድንገት ይቆማል፤ ድንገት ይጀምራል። የሚዘፍኑት ስለሚያውቁት ነገር ነው፤ ስለ ወላጆች፥ ስለ ሬድዮ፥ ፉት ፉት ስለምትባለው የዶት ድመት። በመጀመሪያ ሲሰሙት ያሥቃል። ይሁን እንጂ ደጋግሞ ያዳመጠ ሰው ሥርዓት እንዳለው ይደርስበታል፤ ስሕተት የተባለው ሁሉ ታስቦበት የተለመደ ነውና። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ወላጆችን የሚያመሰግነው ዘፈን ነው። በዚያ ቤት የተጻፈ መሆኑን ያወቀ ሰው እንደ ቀላል ነገር አይሰማውም።

ዝናው አልመጣም። በ1973 የቅዳሜው ጭፈራ ቀረ። ሔለን በምሥጢር አግብታ ኖሮ፥ አባትዋ ባወቁ ጊዜ በቤቱ ብርቱ ጠብ ተነሣ። በ1975 አቶ ኦስቲን በአርባ ሰባት ዓመታቸው በልብ ሕመም በድንገት ሞቱ። ባንዱም በዚያው ፈረሰ። እኅትማማቾቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ሥራ ያዙ፤ ትዳር መሠረቱ፤ ልጆች አሳደጉ። በኋላ ለጋዜጠኛ ሲናገሩ፥ አባታቸው ያዝዙ እንደ ነበርና እነርሱም የተቻላቸውን ያህል እንደ ታዘዙ ብቻ ገልጸዋል።

ከዚህ በኋላ ነው አያትዮዋ የተናገሩት ነገር ጠማማ መንገድ ይዞ የመጣው። ኤን አር ቢ ኪው የተባለው ባንድ አባሎች ቴሪ አዳምስና ቶም አርዶሊኖ ከተረፉት ሸክላዎች አንዱን ሰምተው በመደነቅ፥ በ1980 እንደገና እንዲታተም አደረጉ። ሮሊንግ ስቶን የተባለው መጽሔት በዚያው ዓመት ስለ መመለሳቸው በሰፊው ጻፈ። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን ከሚወዳቸው ሃምሳ አልበሞች መካከል አምስተኛ አድርጎ መዘገበው። በ2011 የሕይወት ታሪካቸው በኒው ዮርክ የሙዚቃ ቲያትር ሆኖ ታየ። የመጀመሪያው እትም ዛሬ በሺህ በሚቈጠር ዶላር ይሸጣል፤ አቶ ኦስቲን ግን ሣንቲሙንም ጭብጨባውንም አላዩም።

በ1999 ዶትና ቤቲ በኒው ዮርክ መድረክ ላይ ሲወጡ ሔለን ታማ ስለ ነበረ አርዶሊኖ ከበሮዋን መታላት። ሔለን በ2006 ዐረፈች። በ2017 ዶትና ቤቲ በማሳቹሴትስ በተደረገው የሶሊድ ሳውንድ በዓል ላይ በሺህ በሚቈጠር ሕዝብ ፊት ዘፈኑ። ከኋላቸው የቆሙት ሙዚቀኞች በሞያው የሠለጠኑ ሲሆኑ፥ የሔለንን ከበሮ፥ የት እንደሚዘገይና የት እንደሚቀድም፥ አንድም ሳይቀር በቃላቸው አጥንተውት ነበር።